ከዋና ከተማ ጥግ መኖር፦ ሰባት ዓመት በቢሾፍቱ

ከገርጂ ወደ ቢሾፍቱ የተዛወርነው በ2010 ዓ.ም ክረምት ሊገባ ሲል ነበር። አከራያችን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ኪራይ ጨምረውብን ነበር፤ ሁለተኛው ልጃችን ሲወለድ ደግሞ ሁለት ክፍሏ ቤት ለአራት ሰው አልበቃ አለች። ቢሾፍቱ ላይ የጓሮ አትክልት የሚተከልበት ግቢ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ገርጂ እንከፍለው ከነበረው በግማሽ ባነሰ ኪራይ አገኘን። ያን ጊዜ ያሰላነው ይህንኑ ብቻ ነበር። ባለፈው ወር አንዲት የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቧን ይዛ ወደዚህ ለመምጣት እያሰበች መሆኑን ነግራኝ አሳቤን ስትጠይቀኝ በስልክ የሰጠኋት መልስ አጭርና ያልተሟላ ስለነበር፣ የቀረውን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ከ45 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነዋሪዋ 100 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አዲሶቹን ሰፈሮች ያየ ሁሉ ይረዳዋል። በዋና ከተማ ዙሪያ ያሉ ብዙ ከተሞች ሠራተኛ ማታ ገብቶ የሚያድርባቸው፣ ጠዋት ትቷቸው የሚወጣ ማደሪያዎች ናቸው። ቢሾፍቱ እንደዚያ አይደለችም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት እንደገና የተደራጀው የኢትዮጵያ አየር ኃይል መቀመጫውን እዚህ ካደረገ ወዲህ የከተማዋ ግማሽ ሕይወት በእርሱ ዙሪያ የተሠራ ነው። ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ ለገበሬው ያደረሰው የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም፣ አገሪቱን እንቁላልና የአንድ ቀን ጫጩት የሚመግቡት ትልልቅ የዶሮ እርባታዎችም እንዲሁ። አረጋውያኑ እስከ ዛሬ ደብረ ዘይት ይሏታል፤ ወጣቱ ቢሾፍቱ ይላል፤ የታክሲ ረዳቶች በሁለቱም ይጣራሉ። ይህን ሁሉ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህ ኑሮ ጥቅምና ጉዳት የሚለየው ሰው ሕይወቱን ከተማዋ ውስጥ አድርጎ ይኖራል ወይስ አዲስ አበባ ትቶ ለማደር ብቻ ይመጣል በሚለው ነው ብዬ ስለማምን ነው።

እኔ ሁለቱንም ኖሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ መሥሪያ ቤት ስመላለስ አሳልፌያለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሣና 11 ሰዓት ላይ በባጃጅ መናኸሪያ እደርሳለሁ፤ ሚኒባሱ ሲሞላ በዱከም፣ በገላንና በአቃቂ አድርጎ ቃሊቲ ያወርደኛል፤ ከዚያ በቀላል ባቡር ሜክሲኮ እገባለሁ። ካርታ የሚያይ ሰው መንገዱ ከአንድ ሰዓት እንደማይበልጥ ሊገምት ይችላል። በ2007 ዓ.ም ለተሽከርካሪ ክፍት የሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ይህን ግምት ያጠናክራል፤ የግል መኪና ያለው ሰው የሚጠየቀውን ክፍያ ከፍሎ በእርሱ ሲመጣ በእርግጥ ቶሎ ይደርሳል። እኔ የምሳፈርበት ሚኒባስ ግን በአሮጌው መንገድ ስለሚሄድ በየከተማው ሰው ያወርዳል፣ ይጭናል፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ጭነው ከሚመጡ ተሳቢዎች ኋላም ይጎተታል። ማታ ደግሞ ቃሊቲ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው፤ በተለይ ዓርብ ዓርብ። ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለነበር ትንሹን ልጄን በሳምንት አምስት ቀን ተኝቶ አገኘዋለሁ፣ ተኝቶ ትቼው እወጣለሁ። በኪራይ ያተረፍነው ገንዘብ ከፊሉ በትራንስፖርት አለቀ፤ ከገንዘቡ በላይ የከበደኝ ግን ልጄ አፉን የፈታባቸውን ወራት ከሌላ ሰው አፍ መስማቴ ነበር። እነዚያን ሁለት ዓመታት ቢሾፍቱ ኖርኩ ለማለት አልደፍርም። አደርኩባት እንጂ።

ሥራዬን ለቅቄ እዚሁ ለአንድ የዶሮ እርባታና ለጥቂት ነጋዴዎች ሒሳብ መሥራት ስጀምር ገቢዬ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በመካከለኛ ከተማ የሙያ ሥራ አለ፣ አማራጩ ግን ጠባብ ነው፤ ከአንድ አሠሪ ጋር የተጣላ ሰው ሌሎች አምስት በሮችን የማንኳኳት ዕድል የለውም። ይሁን እንጂ በቀን አምስትና ስድስት ሰዓት ተመለሰልኝ። ምሳዬን ቤቴ እበላለሁ። ልጆቼን በእግሬ ትምህርት ቤት አድርሼ በእግሬ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ማድረግ የሚችል ስንት ሰው እንዳለ አንባቢ ራሱ ያስበው።

የአየሩን ጠባይ ብዙ ሰው አስቀድሞ ያነሣዋል፤ እውነትም ነው። ከተማዋ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ወደ 500 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ልዩነቱ በትንሹም በትልቁም ይታወቃል። ገርጂ ሳለሁ በክረምት ሦስትና አራት ቀን የሚፈጅብኝ የእንጀራ ሊጥ እዚህ ቶሎ ይቦካል፤ መጀመሪያ ላይ በለመድኩት ቀን ልክ እየጠበቅሁ ስንት እንጀራ አኮመጠጥኩ! የታጠበ ልብስ በግማሽ ቀን ይደርቃል፤ ጉንፋን የማይለቃት ትልቋ ልጄም በሁለተኛው ዓመት ተሻላት። በዚያው ልክ ግን ዝቅ ማለቱ ወባን ያመጣል። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ያለ አጎበር መተኛት አይገባም፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይህን ስለማያውቅ መጀመሪያ ላይ ይቀልበታል።

ጤፉን ሳላነሣ አላልፍም። የአድኣ ማኛ ጤፍ ስሙ በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው፤ እኛ ከእርሻው አጠገብ ስለምንኖር በጥርና በየካቲት ከገበሬው እጅ እንገዛለን፣ ወፍጮ ቤት ራሳችን እናስፈጫለን፤ የምንበላውን ነገር ማን እንዳመረተው እናውቃለን። ጤፍ የሚሸጡልን አባት መስከረም ሲጠባ ለልጆቼ እሸት ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ለፋሲካ ቤታቸው እንሄዳለን። እዚህ ግንኙነት ውስጥ የገባሁት አፋን ኦሮሞ መማር ስጀምር ነው። በከተማዋ ገበያ በአማርኛ መግባባት ይቻላል፤ የቀበሌው ጉዳይ፣ ቅጹና ደብዳቤው ግን የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየጉዳዩ ሰው እየለመንኩ አስተረጎምኩ፤ ኋላ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ማታ ማታ ቡና እያፈሉ አስተማሩኝ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ቋንቋውን እንደ ግዴታ ሳይሆን በሩን እንደሚከፍትለት ቁልፍ አድርጎ ቢይዘው ከልቤ እወዳለሁ፤ ሳይማር ሰባት ዓመት የተቀመጠ ሰው ግማሹን ከተማ አያውቃትም።

ዕድሩም ሌላው ትልቅ ነገር ነው። በሰፈራችን ዕድር ውስጥ ከአየር ኃይል ጡረታ የወጡ ቴክኒሻኖች፣ የምርምር ማዕከሉ ሠራተኞች፣ ባለ ጋሪዎችና ነጋዴዎች በአንድ መዝገብ ተጽፈዋል። አባቴ በሞተ ጊዜ ድንኳኑ ከተተከለበት ሰዓት ጀምሮ ለሦስት ቀን አንድም ነገር ራሴ እንዳላዘጋጅ አድርገውኛል። ከተማዋ ሰው ሰውን ለማወቅ የማትበዛ፣ ሁሉም የሁሉን ጉዳይ እንዲያውቅ ደግሞ የማታንስ መሆኗ ይመስለኛል ይህን የሚያቆየው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ቢሾፍቱ የሐይቅ ከተማ ናት፤ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ አርሰዲ፣ ባቦጋያና ሌሎችም በእሳተ ገሞራ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ይሁን እንጂ ቧንቧችን ውሃ የሚያወርደው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ እርሱንም በሌሊት ነው። የሐይቆቹ ውሃ ማዕድን የበዛበት ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም፤ «ሆራ» የሚለው የኦሮምኛ ቃልም ከብት የሚጠጣውን እንዲህ ያለ ውሃ ያመለክታል። የከተማው መጠጥ ከከርሰ ምድር ይወጣል፤ ሕዝቡ ሲበዛ ጉድጓዱና መስመሩ አብረው አልበዙም። እኛ ሮቶ እስክናስተክል ድረስ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ጀሪካን መሙላት የባለቤቴ ተራ ነበር፤ ሮቶ ለመግዛት የማይችሉት ጎረቤቶቻችን ዛሬም ያንኑ ያደርጋሉ።

የሐይቆቹ ዳርቻም ከነዋሪው እየራቀ ነው። የባቦጋያንና የኩሪፍቱን ጠርዝ አብዛኛውን ሪዞርቶችና የግል ግቢዎች ይዘውታል፤ ውሃውን ማየት የሚፈልግ የከተማዋ ልጅ የአንድ ለስላሳ ዋጋ ሳይከፍል የሚቀመጥበት ቦታ እየጠበበ ሄዷል። ቱሪዝም ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሒሳብ ከምሠራላቸው ነጋዴዎች ሁለቱ ዕቃ የሚያቀርቡት ለሆቴሎች ነው። ቢሆንም ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የሐይቆቹን ስም በቃሏ ስትወጣ እንደ ሩቅ አገር ወንዝ መዘርዘሯ ልክ ሆኖ አይታየኝም። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት በሚውል እሑድ ለኢሬቻ ከየአቅጣጫው የሚመጣው እጅግ ብዙ ሕዝብ ሆራ አርሰዲ ላይ ርጥብ ሣርና አደይ አበባ ይዞ ሲያመሰግን ሳይ ነው ሐይቁ የሁሉ መሆኑ የሚሰማኝ። ያን ቀን መንገዱ ሁሉ በሰው ይሞላል፤ መኪና አይንቀሳቀስም፤ እኛም በር ላይ ውሃና ቆሎ አቅርበን የሚያልፈውን እንግዳ እንቀበላለን።

ሌላው ጉድለት ሕክምና ነው። ታናሹ ልጄ አምስት ዓመት ሲሆነው ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ተሰበረ። የወሰድነው የጤና ተቋም ሕመሙን ማስታገሻ ከሰጠ በኋላ የአጥንት ሐኪም በዚያ ሰዓት ስለሌለ ሪፈር ጻፈልን፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የኮንትራት መኪና ለምነን አዲስ አበባ ገብተን እጁ የተስተካከለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ያየው ነርስ በትሕትና ያለውን ሁሉ አድርጓል፤ ያልነበረው ባለሙያውና መሣሪያው ነው። ተራ ሕመምን፣ ክትባትንና የእርግዝና ክትትልን በተመለከተ ቅሬታ የለኝም። ቀጣይነት ያለው የልዩ ሐኪም ክትትል የሚያስፈልገው አረጋዊ ወላጅ ያለው ሰው ግን ይህን በደንብ ማሰብ አለበት።

የዋና ከተማው ጥላ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ዋጋ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው በሚከፍለው ዋጋ ዓሣም ሥጋም ይተመናል፤ ሰኞ ዋጋው አይወርድም። መሬትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከከተማዋ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ፣ ሲጠናቀቅ በዓመት 100 ሚሊዮን ገደማ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበ አውሮፕላን ማረፊያ ለመሥራት ማቀዱ ከተሰማ ወዲህ ደላሎች በየግቢው ይዞራሉ። ሥራ እንደሚያመጣ አልጠራጠርም፤ ልጆቼ ሲያድጉ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ላይሄዱ ይችሉ ይሆናል ብዬም እጽናናለሁ። ነገር ግን የሚነሡት ገበሬዎች ያንን ማኛ ጤፍ የሚያበቅል አፈር ሌላ ቦታ አያገኙትም፤ የካሳው ብር ሲያልቅ ምን እንደሚሠሩ ማሰብ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ለባልደረባዬ እንግዲህ የምላት ይህ ነው። ሥራሽ አዲስ አበባ የሚቆይ ከሆነና የራስሽ መኪና ከሌለሽ አትምጪ፤ ርካሹ ኪራይ ልጆችሽን የማታዪበት ዋጋ ይሆንብሻል። እዚህ ሥራ ካገኘሽ ወይም ከቤት የሚሠራ ሥራ ካለሽ ደሞዙ ቢያንስም ነይ። ቤት ስትፈልጊ ውሃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን ጠይቂ፤ ሮቶ ያለው ቤት ይሻልሻል። ከዶሮ እርባታ አጠገብ ያለውን ቤት ነፋስ በማይነፍስበት ቀን ብቻ አይተሽ አትዋዋዪ፤ ዝናብ ዘንቦ ፀሐይ ሲወጣ ሽታውን ችለሽ መቀመጥሽን አረጋግጪ። የኪራዩን ውልም ከሁለት ዓመት ባላነሰ ጊዜ በጽሑፍ አድርጊው፤ የእኛ የሚያበቃው በመጪው ሐምሌ ነው፣ አከራያችንም የአቡሴራን ወሬ ሰምተው ስለ አዲሱ ዋጋ እንነጋገር ብለውናል።