የግቢያችን ጥድ

ዝናቡ ቆመ። ከእንግዲህ እስከ ክረምት ጥዳችን በእኔ እጅ ነው።

ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ ሁሉ ያምርበታል። ጎንደር ውስጥ ችግኝን የሚፈትኑት የካቲትና መጋቢት ናቸው፤ አፈሩ ይሰነጠቃል፣ የቧንቧ ውሃም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጥድ ደግሞ እንደ ጎመን ጠውልጎ አያስጠነቅቅም፤ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ካየኸው ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ስለዚህ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ እፈትሻለሁ። ውስጡ ደርቆ ካገኘሁት፣ ከግንዱ ራቅ አድርጌ ዙሪያውን ቀስ ብዬ አጠጣለሁ። እናቴ ምስር ያጠበችበትን ውሃ መድፋት ትታለች፤ «ና፣ የጥድህን ውሃ ውሰድ» ትለኛለች። የመስቀል ጉዝጓዝም ሲደርቅ ተጠርጎ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እርጥበት ይይዝለታል፤ ግንዱን እንዳያበሰብሰው ግን አላስነካውም።

ጎረቤታችን ጋሼ «ባሕር ዛፍ ብትተክል ኖሮ ይኸኔ ቋሚ ቆርጠህ ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የአበሻ ጥድ ለማደግ ጊዜ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ግን ጥላውን ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን የከበቡትን ጥዶች እያየሁ ነው ያደግሁት፤ ከፀሐዩ ወደ ጥላቸው ስትገባ አየሩ ራሱ ይለወጣል። ያን ጥላ እናቴ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ ባየው እወዳለሁ። እንጨቱንም ምስጥ ስለማይደፍረው ነው ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያና ለአጥር ሲመረጥ የኖረው።

ዘንድሮ አንድ ነገር አየሁ። የለጋ ጥድ ቅጠል መርፌ ነው፤ እጅ ይወጋል። አሁን የላይኞቹ ቅርንጫፎች ላይ ጥቃቅን፣ የተደራረበ፣ ለስላሳ ቅጠል ብቅ ብሏል። ቅርንጫፉን ከሥሩ ጀምሬ ስዳብሰው፣ ጫፉ ጋ ስደርስ መውጋቱን ይተዋል። ጎልምሷል ማለት ነው! ወንድ ይሁን ሴት ግን ገና አልለየሁም። የጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ፍሬ የምታፈራው ሴቷ ናት። ወፎች ፍሬዋን በልተው ዘሩን ያዳርሱታል። ሴት ብትሆንልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ!

እህቴ ለገና ጫፉን ቆርጠን ሳሎን እናቁመው እያለች ነው። ጫፉ ከተቆረጠ ቀጥ ብሎ ማደጉ ይቀራል። እዚያው በቆመበት መብራት እናደርግለታለን አልኳት፤ ተስማማች። ገመዱን ላላ አድርጎ ማሰር፣ በዓሉ ሲያልፍም ቶሎ መፍታት የእኔ ሥራ ነው።