እህሉስ የት ሄደ?

ወሎ ውስጥ ማንንም ሰው «የ66ቱ ረሃብ ለምን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል። «ዝናብ ጠፋ።» ተወልጄ ባደግሁባት ደሴም የሰማሁት ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም። በ1964 ክረምቱ ከዳ፣ በ1965 በልጉም ቀረ። ግን እዚህ ላይ ሲቆም ቅር ይለኛል። ዝናብን ማን ይጠይቀዋል? «ዝናብ ጠፋ» ከተባለ በኋላ ተጠያቂ ሰው የለም፣ ጠያቂም ዝም ይላል።

ዝም እንዳልል ያደረጉኝ የእናቴ አባት ናቸው። በዚያ ዘመን ደሴ ውስጥ ጭነት መኪና ላይ እህል የሚጭኑ ወዛደር ነበሩ። አንድ ጊዜ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ «አባባ፣ ያኔ ከተማው ውስጥ እህል የሚባል ነገር ጠፍቶ ነበር?» አልኳቸው።

«ወላሂ ነበረ» አሉኝ። «ጆንያውን በዚህ ትከሻዬ አይደል ኤንትሬው ላይ የምወረውረው። የጠፋው መግዣው ነው።»

«ወዴት ነበር የሚጫነው?»

«አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ አስመራ።»

እህል ተሸክመው የሚውሉ ሰው ማታ ቤታቸው የሚያስገቡት ይቸግራቸው ነበር። ይህን የነገሩኝ ስለጠየቅኋቸው ነው። ከዚያ በፊት ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አማርትያ ሴን የሚባለውን የህንድ ኢኮኖሚስት ጥናት ሳነብ አባባ ትዝ አሉኝ። ሴን የኖቤል ሽልማት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ገና ልጅ ሳለ እ.ኤ.አ. የ1943ቱን የቤንጋል ረሃብ በዓይኑ አይቷል፤ ሲያድግም ያ ጥያቄ አልለቀቀውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ሥራው የእኛን ወሎንም መረመረ። ያገኘው ነገር አስደንጋጭ ነው። በአገር ደረጃ ምርቱ ያን ያህል አልቀነሰም። የወሎ ግን ክፉኛ ወድቋል። ይህም ሆኖ የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም። እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር።

ሰው እያለቀ የእህል ዋጋ እንዴት አይንርም? ሴን ጥያቄውን ገለበጠው። «ምን ያህል እህል አለ?» ከማለት «ማን መግዛት አቃተው? ለምን?» አለ። ማሳው የከዳው ገበሬ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አንድ ላይ አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ገበያ ወጥቶ ዋጋ አያስወድድም። ገንዘብ ያለው ገዢ ደግሞ ሌላ ከተማ ነበር፤ መኪናውም ወደዚያው ነጎደ።

የሸማኔውን ነገር አስቡት። ዝናብ ቀረ ብሎ የሽመና ዕቃው አይደርቅም። ግን ገበሬው ካልሸጠ ጋቢ የሚገዛ የለም። ቤት ሠራተኛዋም ቀድማ ከሥራ ትወጣለች። ዝናቡ በቀጥታ ያልነካው ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ተራበ።

ባቲም እንዲሁ ነው። የሰኞ ገበያውን ያየ ያውቀዋል፤ አፋሩ ከቆላ ፍየልና ግመል ይነዳል፣ ደገኛው እህል ያወርዳል። በድርቅ ጊዜ ከብቱ ይከሳል፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ትናንት ቤተሰብ ያሰነብት የነበረ ፍየል ዛሬ የሚገዛው እህል እፍኝ ይሆናል። አፋሩ ላይ ሌላም ነገር ነበረበት። ድሮ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳር ሣር በጥጥ እርሻ ተይዞበታል። ይህንንስ ዝናብ አደረገው?

በሴን ያልተስማሙ ምሁራንም አሉ። ወሎ ውስጥ ምርቱ ራሱ እንዲያ ከወደቀ ዋናው ምክንያት የእህል እጥረት ነው ብለው ተከራክረዋል። እኔ ክርክራቸውን እወደዋለሁ። አንድ ሰው በደንብ ሲጠይቅ ሌላው ደግሞ እርሱን ይጠይቀዋል፤ አባባም «ዝናብ ጠፋ» የሚለው ጎረቤታቸውም የሚያውቁት ነገር ቦታ ያገኛል።

አሁን ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቼ አብዝተው የሚጠይቁኝ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ነው። አልፈርድባቸውም። ቤት ውስጥ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባሉ ያደጉ ናቸው። የሚቆጨኝ ግን አገሩ ራሱ የጠያቂ አገር መሆኑ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከሩቅ አገር ተማሪ የሚጎርፍበት ገዳም ነበር። ዋድላ የቅኔ አገር ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን፣ ማለትም የገጠመውን ቅኔ፣ ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል፤ ካልሆነ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆጥራል። ጌታና ዳና በሚባሉት የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ደግሞ ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ዘርግቶ ሼኹ ፊት ይቀመጣል። ልጅ እዚያ ጠይቆ የሚማር ከሆነ ቤቱና ክፍሉ ውስጥ ለምን ዝም ይባላል?

ስለዚህ የ66ቱ ትምህርት ሲደርስ ማስታወሻ አልሰጣቸውም። ጥያቄ ይዘው ቤታቸው እንዲሄዱ አደርጋለሁ። «ለምን ተራባችሁ?» ብለው እንዳይጠይቁ ግን አስጠነቅቃለሁ። እሱ ሽማግሌን ያስከፋል፣ መልሱም ያው ዝናብ ነው። «መጀመሪያ የሸጣችሁት ምን ነበር?» በሉ እላቸዋለሁ። አንዷ ተማሪዬ ከአምባሰል የመጡ አያቷን ጠይቃ ያመጣችው መልስ ክፍሉን ዝም አሰኘው። ዶሮው ሄደ፣ ፍየሉ ሄደ፣ ጌጡ ሄደ። በሬውን ግን ያዝነው አሉ፤ ያለ በሬ ዝናብ ቢመጣስ በምን ይታረሳል? «እኛ ቤት ረሃብ የገባው ዝናቡ የቀረ ቀን ሳይሆን በሬው የተሸጠ ቀን ነው» ብለዋታል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣ። «በሬውን የገዛው ማነው?» መልሱን አላወቅንም። ልጅቷ ግን ለሳምንቱ ጠይቃ መጣች።

ያኔ ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ሰባን አልፏል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ቡና አፍሉና ጠይቁ። ምን ሸጣችሁ? የት ገበያ? በስንት ብር? ማን ገዛው? ያበደራችሁ ሰው ነበር? ስትከፍሉ ምን ተጠየቃችሁ? ስማቸውን ባትጽፉም ገበያውንና ዋጋውን ጻፉ። «ተዪው ልጄ» ካሉ ደግሞ ተዉአቸው፤ ቡናውን ጀባ በሏቸውና ስለ ሌላ ነገር አውሩ።