ቪትዝ ከመግዛቴ በፊት ቶዮታን አጠናሁት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ልገዛ ነው ስትሉ የምትሰሙት ምክር አንድ ነው። «ቶዮታ ግዛ፣ ባትወደው ነገ ትሸጠዋለህ።» ይህን ያልነገረኝ ሰው የለም። ወንድሜ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ፣ ደላላው፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር። ለምን ስላቸው ግን መልሱ ያው ነው፤ «ቶዮታ እኮ ነው!» ለዓመታት የቆጠብኩትን ብር በስም ብቻ ማውጣት አልፈለግሁም። ስለዚህ ማታ ማታ ስለ ኩባንያው አነብ ጀመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መኪና ማየት። ንባቡ መኪና የማይበትን ዓይን ራሱ ይቀይረዋል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። ዕድሜ ልኩን የሽመና መሣሪያ ሲያሻሽል ኖሮ በ1924 ትልቁን አውቶማቲክ ማሽን አወጣ። የማሽኑ ዋና ብልሃት ክር ሲበጠስ ራሱ መቆሙ ነው። ሌላው ማሽን ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን ይቀጥልና ጨርቁን ያበላሻል፣ ስለዚህ አንድ ሠራተኛ አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። የሳኪቺ ማሽን ስህተት ሲያይ ስለሚቆም አንድ ሰው ብዙ ማሽኖችን መቆጣጠር ቻለ። በ1929 ፕላት ብራዘርስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የፓተንት መብቱን በ100 ሺህ ፓውንድ ገዛ። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ የሽመና ማሽን አገር እንደነበረች አስቡት።

ልጁ ኪይቺሮ ግን ልቡ መኪና ላይ ነበር። በ1933 በሽመና ማሽን ፋብሪካው ውስጥ የመኪና ክፍል ከፈተ፣ በ1935 ጂ1 የተባለውን የጭነት መኪና አወጣ፣ በ1937 ቶዮታ ሞተር ራሱን ችሎ ተቋቋመ።

እዚህ ጋ ነው እኔ ቆም ብዬ ያነበብኩት። ያ የመጀመሪያ የጭነት መኪና ይበላሽ ነበር፣ ያውም በጣም። ቶኪዮ ላይ ለሕዝብ ሊታይ ሲጓዝ መንገድ ላይ የመሪው ክፍል ተሰበረና ጠግነው ነው ያደረሱት። የተሸጡትም ደንበኛውን መንገድ ላይ ያስቀሩ ነበር። ሽያጩን የሚመራው ከጄነራል ሞተርስ የጃፓን ቅርንጫፍ የመጣው ሾታሮ ካሚያ ነው። መኪናው የቆመበት ድረስ ባለሙያ እየላኩ በነጻ ይጠግኑ ነበር፤ የተሰበረው ዕቃም ምክንያቱ ተጣርቶ ንድፉ ይስተካከላል። ዛሬ «አይበላሽም» የምንለው ስም የተጀመረው እንግዲህ በሚበላሽ መኪና ነው። እኔ ይህን ሳነብ ኩባንያውን ይበልጥ ወደድኩት።

ነገሩ ሁሌ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ ቶዮታ ሊዘጋ አፋፍ ላይ ደርሷል። በ1950 ሠራተኛ ሊቀነስ ሲል ከባድ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፣ ኪይቺሮ ኃላፊነቱን ወስዶ ከፕሬዚዳንትነት ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የኮሪያ ጦርነት ተጀመረና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ፣ ኩባንያው በዚያ ትንፋሽ አገኘ። ኪይቺሮ ግን በ1952 አረፈ፤ የደከመበትን ሳያይ። በ1957 ደግሞ ክራውን የተባለውን የቤት መኪና ይዘው አሜሪካ ገቡ። በረጅሙ የአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ጉልበት አነሰው፣ ሞቀ፣ ተንቀጠቀጠ። ለጊዜው የቤት መኪና መላኩን ተዉት። በዚያ ክፉ ጊዜ አሜሪካ ገበያ ላይ ያቆያቸው ላንድክሩዘር ነው፤ በ1951 የፉጂ ተራራን እስከ 6ኛው ጣቢያ ወጥቶ የተፈተነው መኪና። ጉድለቱን አጥንተው በ1965 በኮሮና ተመለሱ፣ በ1966 ደግሞ ኮሮላ መጣ። በኮሮላ ስም እስከ 2021 ድረስ ከ50 ሚሊዮን በላይ መኪና ተሽጧል።

በመሃል ላይ ታይኢቺ ኦኖ የሚባል መሐንዲስ አለ። የሽመና ማሽኑን ሐሳብ ወደ መኪና ፋብሪካው ያመጣው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሠራተኛው ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል፣ ካልተፈታ የምርት መስመሩ ይቆማል። ሌላ ፋብሪካ መስመር ያስቆመ ሰው ይቀጣል፣ እዚህ ግን ሥራው ነው። ኦኖ ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ብልሽት ሲያጋጥም «ለምን?» ብሎ 5 ጊዜ መጠየቅ። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ ፊውዝ ቀይሮ መሄድ የለም።

ይህን ይዤ ነው መኪና ማየት የጀመርኩት። አቅሜ ቪትዝ ነው። ቪትዝ በ1999 ጃፓን ላይ የወጣች ትንሽ መኪና ናት፣ አውሮፓ ላይ ያሪስ ትባላለች፣ ያሪስ በ2000 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተሸልማለች። እኔ የፈለግሁት በ2005 የመጣውን ሁለተኛውን ትውልድ ነበር፣ ባለ 1 ሊትር ሞተሩን። ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ታይሚንጉ፣ ማለትም የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ የሚያገጣጥመው፣ በየጊዜው በሚቀየር ቀበቶ ሳይሆን በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ያ ትልቅ ጥቅም አለው፣ ዘይቱን በጊዜው ለቀየረ ሰው።

ግን አንድ ነገር አለ፣ ገዢዎች አይነጋገሩበትም። ጃፓን መሪዋ በቀኝ ነው። እኛ በግራ ነው። ብዙዎቹ ቪትዞች መንገድ ላይ፣ በተለይ ዱባይ፣ መሪያቸው ተቀይሮ ነው የመጡት። ማለትም ዳሽቦርዱ ወርዶ፣ ከሞተሩና ከጋቢናው መሃል ያለው ላሜራ ተቆርጦ፣ መሪው ወደ ግራ ዞሮ። አንዳንዶቹ ላይ የፍሬኑ ፓምፕ በቀኝ በነበረበት ቀርቶ ከፔዳሉ ጋር በብረት ዘንግ ተገናኝቷል። የተሳፋሪው ኤርባግም (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚጠብቀው ከረጢት) ብዙ ጊዜ በዚያ ሥራ ውስጥ ይጠፋል። የቶዮታ መሐንዲስ ይህን አላየውም፣ ገመድ የሳበ ሠራተኛም የለም። የፋብሪካው ስም የሚያበቃው ግራይንደሩ ላሜራውን የነካ ቦታ ላይ ነው። ይህ ከተማርኩት ሁሉ ዋናው ነው።

መካኒኬ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አብረን ካየናቸው አንዷ ብርማ ቪትዝ ናት፤ ቀለሟ ያበራል፣ ውስጧ ንጹሕ፣ ሻጩ «አንድ እጅ ናት፣ ሴት የያዘችው» እያለ ነው። ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ የውሃውን ማጠራቀሚያ አዩ፣ ከምልክቱ በታች ነው። ለምን ጎደለ? ያንጠባጥባል። ለምን? ወደ ጋቢናው ማሞቂያ የሚገባው ቱቦ ላይ ነው ርጥበቱ። ለምን እዚያ? ቱቦው ሁለት ቦታ ተቀጥሎ በማሰሪያ ታስሯል። ለምን ተቀጠለ? መሪው ሲቀየር ማሞቂያው ቦታውን ለቋል፣ የድሮው ቱቦ አልደረሰም። ጋሼ በባትሪ ከዳሽቦርዱ ሥር አብርተው አሳዩኝ፤ ብየዳው በማስቲሽ ተሸፍኗል፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ይቆረቁራል። «ይቺን ሞተር እኮ ጃፓኖቹ በደንብ ነው የሠሯት» አሉኝ። «ያጠፋው ሌላ ሰው ነው።» ሻጩን አመስግነን ሄድን።

ስለዚህ እናንተም ስታዩ ከቀለም አትጀምሩ። ጎንበስ ብላችሁ ከፔዳሉ በላይ እዩ። ፍሬኑን ሞተሩ በርቶ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፔዳሉ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ዋጋ ሳትደራደሩ ትታችሁ ሂዱ። መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዙሩ፣ አንዱ በኩል ቶሎ ቢያልቅ ጠይቁ። ኪሎ ሜትሩን ብዙም አትመኑት፣ ይልቅ የፔዳሉ ጎማና የመሪው ቆዳ ምን ያህል እንደተበላ እዩ፤ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር የምትል መኪና ፔዳሏ ተልጦ ብረት ካወጣ ነገሩ ግልጽ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ (የመኪናው መለያ) ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ለመለዋወጫ ደግሞ ቶዮታ መሆኑ በእርግጥም ይጠቅማል፣ ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ የማታገኙት የቪትዝ ዕቃ ጥቂት ነው፣ ግን በዚያው ልክ የቶዮታ ካርቶን ውስጥ የገባ አስመስሎ የተሠራ ዕቃም ሞልቷል። የዘይት ፊልትሮና የፍሬን ሸራ ላይ ርካሽ አትፈልጉ።

የሻንሲ ቁጥሩን የሚመለከት ሌላም ነገር አለ፤ ከልቤ የምናገረው ይህንን ነው። ቶዮታ መልካም ስም ብቻ አይደለም ያለው። በ2009 እና በ2010 መኪኖቹ ያለ ነጂው ፈቃድ ይፈጥናሉ በሚል ሚሊዮኖች ለጥገና ወደ ኩባንያው ተጠርተዋል፤ የእግር ምንጣፉ ፔዳሉን ይይዘው ነበር፣ ፔዳሉ ራሱም ይጣበቅ ነበር። ሰው ሞቷል። የኪይቺሮ የልጅ ልጅ፣ ያኔ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበረው አኪዮ ቶዮዳ፣ የካቲት 2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያው ከሚገባው በላይ በፍጥነት እንዳደገም አመነ። በ2014 ኩባንያው ለሕዝብ ትክክለኛውን ስላልተናገረ ለአሜሪካ መንግሥት 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ዳይሃትሱ የተባለው የቶዮታ ንብረት የሆነ ኩባንያ በደኅንነት ፈተናዎች ላይ ለዓመታት ሲያጭበረብር መኖሩ ወጣ። ያ ለእኔ ሩቅ ወሬ አልነበረም፣ የምፈልገውን የቪትዝ ሞተር የነደፈው ዳይሃትሱ ነው። አጣራሁ። የተጭበረበረው የደኅንነት ፈተናውና ሰነዱ ነው፣ የሞተር ዕድሜ አይደለም፣ ብዙዎቹ ሞዴሎችም አዳዲስ ናቸው። ቢሆንም አናደደኝ። ክር ሲበጠስ በሚቆም ማሽን የተጀመረ ቤት ውስጥ፣ በትክክል ያልተፈተነውን «አልፏል» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። ሠራተኞቹ ጊዜ ተጣቦባቸው ገመዱን ለመሳብ ፈርተዋል ማለት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ታካታ ነው። ታካታ ለብዙ የመኪና አምራቾች ኤርባግ ያቀርብ የነበረ የጃፓን ኩባንያ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው ኬሚካል ዓመታት ሲቆጠሩ በሙቀትና በርጥበት ይበላሻል፣ ሲፈነዳ ማቀፊያ ብረቱን ሰባብሮ ሰው ላይ ይበትናል። በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ገድሏል። ከተጠሩት ውስጥ በ2000ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎችና ቪትዞችም አሉ። ጃፓን ያለ ባለቤት ደብዳቤ ይደርሰዋል፣ በነጻ ይቀየርለታል። መኪናዋ በመርከብ ተጭና ከወጣች ደብዳቤው አዲሱን ባለቤት በየት ያገኘዋል? ማንም አይደውልላችሁም። ራሳችሁ ናችሁ የምትፈልጉት። የጃፓን ገበያ መኪና የሻንሲ ቁጥር አጭር ነው፣ መጀመሪያው የሞዴሉ ኮድ ነው፣ ለምሳሌ ኬኤስፒ90፣ ከዚያ ሰረዝና ተከታታይ ቁጥር። የቶዮታ የጃፓን ድረ ገጽ ላይ ይህን ቁጥር አስገብታችሁ መኪናዋ ለጥገና ተጠርታ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከተጠራችም ሥራው መጠናቀቁን ማየት ትችላላችሁ። ገጹ በጃፓንኛ ነው፣ ስልካችሁ ይተረጉመዋል። ደቂቃ አይፈጅም።

የገዛኋት ቪትዝ መሪዋ የተቀየረ ናት፣ አልዋሽም። መጀመሪያ ያልተነካች ፈልጌ ነበር፣ በእኔ ብር አልተገኘችም። ግን ሥራዋ ንጹሕ ነው፤ ጋሼ ብየዳዋን በመስታወትና በባትሪ ተኝተው አይተው፣ ፍሬኗንና መሪዋን ቁልቁለት ላይ ሞክረው ነው እሺ ያሉት። የሻንሲ ቁጥሯን ሳስገባ ጃፓን እያለች የኤርባግ ሥራዋ እንደተጠናቀቀ ነገረኝ። ከገዛሁ በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ዘይቷን፣ ፊልትሮዋን፣ የፍሬን ዘይቷንና የራዲያተር ውሃዋን መቀየር ነው፣ የቀድሞው ባለቤት «በቅርቡ ቀይሬያለሁ» ቢለኝም። አሁን ዘይት የማየው በየሳምንቱ ነው። ከሁሉም በላይ በእርጋታ እነዳታለሁ፣ ፍሬን ስይዝ የምትቆምበትን ርቀት ለምጄዋለሁ።

መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የእነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል። አዲስ አይገባም፣ ስለዚህ ያሉት እየተጠገኑ ብዙ ዓመት መንገድ ላይ ይቆያሉ፣ ኤርባጋቸውም አብሮ ያረጃል። ወንድሜ ደግሞ አሁን ኤሌክትሪክ ሊገዛ የቶዮታውን ቢዜድ4ኤክስ እያየ ነው። ደውሎ «ቶዮታ ነው፣ ምን አለው?» አለኝ። ሞዴሉ በወጣ ሰሞን፣ በ2022፣ የጎማው ብሎን ሊላላ ይችላል ተብሎ ወደ 2,700 ያህሉ እንደተጠሩ፣ ባለቤቶቹም እንዳይነዱ እንደተነገራቸው ነገርኩት። የሚያየው መኪና ከእነዚያ አንዱ ላይሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፣ ከዚያ ስለ ዋጋው እናወራለን አልኩት።