ለአሮጌ ሃርድቶፕ ትክክለኛውን የመሪ ሾክ እንዴት አገኘሁ

ስቲሪንግ ዳምፐርን፣ በተለምዶ የመሪ ሾክ የምንለውን፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው መኪናው ሲያስቸግረው ነው። መሪው ይንቀጠቀጣል። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ይወጣና "የመሪው ሾክ አልቋል፣ ይቀየር" ይላል። ይቀየራል። ለጥቂት ሳምንት ሰላም ይሆናል፤ ከዚያ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል። ይሄ በጓደኞቼ መኪኖች ላይ ሲደጋገም ስላየሁ የእኔው ተራ ሲደርስ ቀስ ብዬ ልሄድበት ወሰንኩ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር ኤች ዜድ ጄ 75 ሃርድቶፕ ነው። 4.2 ሊትር ናፍታ ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ። አገራችን ውስጥ ያልሄደበት ወረዳ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ዛሬም ከጤና ጣቢያ እስከ እርዳታ ድርጅት የሚሠሩ ብዙ አሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ ያሉ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉንን አሮጌዎች አክሞ መያዝ የግድ ሆኗል። የመለዋወጫ ዋጋም ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ እንደ ድሮው አይደለም። ተሳስቶ መግዛት ያስከፍላል።

የኔው ችግር ፒስታ ላይ ነበር የሚብሰው። ጎማው ድንጋይ ሲነካ መሪው እጄን ይመታኛል። አስፋልት ላይ ደግሞ 60 እና 70 መካከል ስደርስ መሪው ግራ ቀኝ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍሬን ስይዝና ፍጥነት ስቀንስ ይተወኛል።

እዚህ ላይ ዳምፐሩ ምን እንደሚሠራ መረዳት ይጠቅማል። ዘይት ያለበት ቱቦና በውስጡ የሚንሸራተት ዘንግ ነው። አንድ ጫፉ ከመሪው ዘንጎች ጋር፣ ሌላው ጫፉ ከማይንቀሳቀስ አካል ጋር ይታሰራል። መሪውን ቀስ ብለህ ስታዞር ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ በእርጋታ ያልፋል፤ ብዙም አይከብድህም። ጎማው ድንገት ሲመታ ግን ዘይቱ በዚያ ፍጥነት ማለፍ ስለማይችል እምቢ ይላል። ምቱን ይበላዋል። ሥራው ይሄው ነው። የላላ ነገር አያጠብቅም፣ የተበላ ኩሽኔታ አያድንም። አዲስ ዳምፐር የሌላውን ክፍል ድካም ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ ጓደኞቼ ጋር የሆነውም ይሄ ነው።

ስለዚህ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ከመውረዴ በፊት ፊቱን በሙሉ አስፈተሽኩ። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋር ሄድኩ፦ የአየር ልክ፣ የቸርኬ መጣመም፣ ባላንስ። ከዚያ ጋራዥ። መካኒኩ ፊቱን በክሪክ አነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ገፋ ሳብ አደረገው። ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ያደረገው ነገር በጣም ጠቀመኝ። ፍሬን እንድረግጥ ነገረኝና እንደገና ወዘወዘው። ፍሬን ሲያዝ የጎማው ኩሽኔታ መላላት ይጠፋል፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ጎማውን ከያዘው አካል ጋር አንድ ያደርገዋል። እንዲያም ሆኖ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው፤ ጎማው ግራ ቀኝ የሚዞርበት የኪንግፒን ኩሽኔታ። የእኔው የግራው በኩል ፍሬን ተይዞም ይንቀሳቀስ ነበር።

የኪንግፒን ኩሽኔታዎቹ ተቀየሩ። ከሥራቸው የሚገቡት ቀጫጭን ሳህኖች ልካቸው ተጠብቆ እንዲገጠሙ ቆሜ ተከታተልኩ፤ እነሱ ናቸው ጥብቀቱን የሚወስኑት። የታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኙት ዘንጎች) ጫፎቹንም አንድ ሰው መሪውን በትንሹ ግራ ቀኝ እያደረገ እኔ ከሥር ሆኜ በእጄ ዳሰስኳቸው። ደህና ናቸው። የስቲሪንግ ቦክሱ ቡሎኖች፣ የባሌስትራው ቡሾች፣ ሁሉም ታዩ። ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ የአስፋልቱ መንቀጥቀጥ ጠፋ። ዳምፐሩ ገና አልተነካም ማለት ነው። ፒስታ ላይ መምታቱ ግን አለ።

አሁን የዳምፐሩ ተራ ሆነ። አስፈታሁት። አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ይሄ ራሱ ሥራ ነው። በእኔ መኪና አንዱ ጫፍ ክር ያለው ዘንግ ሆኖ ከፊትና ከኋላ በጎማ ቡሽና በሮንዴላ የሚጨመቅ ነው። ሌላው ጫፍ ወደ ጎን የሚወጣ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ፒን ነው፤ ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ተቀርቅሮ በዳዶ ይታሰራል። ይሄኛው በዝገት ተጣብቆ እምቢ ይላል። ክሩን በመዶሻ መምታት አይገባም፤ ክሩ ይበላሻል። ዝገት መፍቻ ዘይት ተረጭቶ አደረ። ጠዋት ዳዶው በጥቂቱ ላላ ተደርጎ ቀዳዳው ያለበት ብረት ከጎኑ በመዶሻ ሲመታ ቷ ብሎ ለቀቀ።

የወጣው ዳምፐር በእጅ ሲገፋ ግማሹን መንገድ ምንም አይከላከልም፤ ዘንጉ ሥር ደግሞ ዘይቱ ወጥቶ አቧራ ለብሷል። ማለቁ ግልጽ ነው። ግን ሌላም ነገር አየሁ። ዕቃው የመኪናው የራሱ አልነበረም። ከዚህ በፊት የነበረ ባለቤት ያገኘውን አስገጥሟል፤ ጫፉ ላይ የተጨመረ ሮንዴላ ደራርቦበታል። አሮጌ መኪና ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ብዙ ሰው የተፈታውን ይዞ ገበያ ይወጣና "እንደዚህ ያለ ስጠኝ" ይላል። የተፈታው ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ስህተቱን ደግመህ ትገዛለህ። ለዚህ ነው ከተፈታው ዕቃ ይልቅ መኪናውን ማንበብ ያለብን።

ማንበቢያው ሁለት ነው። አንደኛው የሞተር ክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ያለችው የብረት ሰሌዳ ናት። ኤች ዜድ ሞተሩን፣ ጄ ላንድክሩዘርነቱን ይናገራል። ከ75 ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል ኤል ከሆነ መሪው በግራ ነው፤ አር ከሆነ በቀኝ። ይሄ ፊደል ለመሪ ዕቃ ቀላል ነገር አይደለም። የመሪው ዘንግ የሚታሰርበት ጎን ሲቀየር የዳምፐሩም ርዝመትና አቀማመጥ ሊቀየር ይችላል። ኬንያና ጃፓን መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ከዚያ በኩል የሚመጣ ዕቃ ሲቀርብላችሁ ይሄን መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓመተ ምህረቱም ወሳኝ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ግድም ቶዮታ የ70 ቤተሰብ ላንድክሩዘሮችን የፊት ባሌስትራ በሞላ ቀይሮ 78 እና 79 ብሎ አወጣቸው። ከላይ ሲታዩ ወንድማማቾች ናቸው፤ የፊታቸው አሠራር ግን ሌላ ነው። "የሃርድቶፕ ነው" የሚል ቃል ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው።

የቶዮታ ዕቃ ቁጥር ደግሞ አሥር አኃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ ለስቲሪንግ ዳምፐር 45700 ነው። ቀጣዮቹ አምስት የትኛው መኪና የትኛው ዘመን እንደሆነ ይለያሉ። ሻጭ ካርቶን ሲያሳይህ 45700 ስላለው ብቻ አትርካ። የሚገጥመውን የሚወስነው ሁለተኛው ክፍል ነው። እኔ የሻንሲ ቁጥሬን ከሊብሬው ላይ ጽፌ ካታሎግ ያለው የመለዋወጫ ሱቅ ወስጄ ሙሉውን ቁጥር አስወጣሁ።

ሁለተኛው ማንበቢያ ሜትር ነው። በእኔ እምነት ከቁጥሩም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና በመሃል ምን ምን እንደተበየደበት ሰሌዳው አያውቅም። የአደራረጉ መንገድ ይሄ ነው። ዳምፐሩ ወጥቶ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙር። ዳምፐሩ በሚታሰርባቸው ሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለካ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ፤ እንደገና ለካ። አንዱ አጭሩ፣ ሌላው ረጅሙ ነው። አዲሱ ዳምፐር ሲዘጋ ከአጭሩ ማነስ፣ ሲከፈት ከረጅሙ መብለጥ አለበት፤ በየጫፉ ቢያንስ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ትርፍ ይኑረው። ለምሳሌ አጭሩ 34፣ ረጅሙ 54 ሴንቲሜትር ቢመጣ ሲዘጋ ከ33 የማይበልጥ፣ ሲከፈት ከ55 የማያንስ ትፈልጋለህ ማለት ነው። ይሄ ካልተጠበቀ መሪውን መጨረሻው ላይ የሚገታው የመኪናው የራሱ ማቆሚያ መሆኑ ይቀርና ዳምፐሩ ይሆናል። ቶሎ ይሰበራል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ መታጠፊያ ላይ መሪው እስከ መጨረሻው እንዳይዞር ሊይዘው ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮችና የሁለቱን ጫፎች ፎቶ ይዤ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራን የማያውቅ ባለመኪና የለም። የማይገኝ ነገር የለም፤ ችግሩ መምረጡ ላይ ነው። የገባሁባቸው ሱቆች አብዛኞቹ ከጥያቄዬ በፊት መልሱን ነበራቸው። "ወንድሜ፣ ይሄ ለሁሉም ላንድክሩዘር ይሆናል፤ ስንቱን ሸጬለታለሁ!" እኔም አልተከራከርኩም። "እሺ፣ ሜትር ልያዝ" ብዬ ዘግቼ ከፍቼ እለካለሁ። ለሁሉም ይሆናል የተባለው ሲከፈት አጠረ። ሌላው ርዝመቱ ደህና ሆኖ ሁለቱም ጫፉ ቀለበት ነበር። "ጫፉን በብየዳ እንቀይርልሃለን" አሉኝ። የመሪ ዕቃ ላይ ብየዳ አልቀበልም። ዘይት ያለው ቱቦ ላይ ሙቀት ሲያርፍበት ማሸጊያ ጎማው ይቃጠላል፤ ብየዳው ቢለቅ ደግሞ የሚለቀው ገደል ዳር ሊሆን ይችላል።

ተራ የጎማ ሾክ ወስደህ ግጠም የሚል ምክርም ሰማሁ። አንዳንድ ቦታ ሲሠራ አይቻለሁ። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም። የጎማ ሾክ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ሲዘጋ ከሚከላከለው በላይ ይከላከላል፤ ሞላውን ወይም ባሌስትራውን ለመያዝ እንዲያ ነው የተሠራው። መሪ ላይ ብታስረው በአንድ በኩል ከባድ፣ በሌላ በኩል ቀላል ይሆናል። የመሪ ዳምፐር በሁለቱም አቅጣጫ እኩል መከላከል አለበት። በዚያ ላይ አብዛኛው የጎማ ሾክ ቀና ብሎ እንዲቆም ነው የተሠራው፤ አጋድመህ ስታስረው አየሩ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፣ መሃል ላይ ባዶ ይሆናል።

የጋዝ ነገርም አለ። ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ የተሞላ ዳምፐር ዘንጉን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ይገፋል። መሪ ላይ ሲታሰር መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ ሊጀምር ይችላል። ሱቅ ውስጥ ሆኖ ማወቅ ይቻላል፦ ዝጋውና ልቀቀው። ባለበት ከቆየ ወይም በጣም ቀስ ብሎ ከወጣ ጥሩ። ተወርውሮ ከወጣ ተወው።

በመጨረሻ የጃፓን ካያባ ስሪት የሆነ፣ ቁጥሩ ካወጣሁት ጋር አንድ የሆነ፣ ርዝመቱም የሚገጥም አገኘሁ። ካያባ ለቶዮታ ፋብሪካም ዕቃ የሚያቀርብ ስለሆነ ስሙ የታወቀ ነው፤ ስሙ የታወቀ ዕቃ ደግሞ ፎርጅዱም ይበዛል። ስለዚህ ካርቶኑን ትቼ ዕቃውን አየሁ። ቁጥሩ አካሉ ላይ አለ? ክሩ ንጹሕ ነው? ከነቡሹ፣ ከነሮንዴላው፣ ከነዳዶው ነው? አቁሜ ደጋግሜ ዘጋሁ ከፈትሁ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ባዶ ሆኖ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከከበደ ደህና ነው፤ ተኝቶ ሲቆይ አየር ስለሚይዝ ነው። ከተደጋገመ በኋላም ባዶው ካልጠፋ አይገዛም። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል። እኔ ግን መሪ፣ ፍሬንና ጎማ ላይ ርካሽ አልፈልግም።

መግጠሙ አጭር ነበር። የሾጣጣው ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ ጸዳ፤ ቆሻሻ ካለበት ፒኑ በደንብ አይቀመጥም። ዳዶው ጠበቀ፣ እንዳይፈታ የሚይዘው ፒን አዲስ ገባ። የጎማ ቡሾቹ እስኪጨፈለቁ ድረስ አይጠበቁም፤ ትንሽ መታዘዝ አለባቸው፣ አለበለዚያ ዘንጉ ይጣመማል። ከዚያ ጎማው አየር ላይ እያለ፣ በኋላም መሬት ላይ አርፎ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞርነው። አንዱ ከሥር ሆኖ ቱቦው ባሌስትራውን ወይም ሌላ ዘንግ እንዳይነካ ያያል። መሪው ቀጥ ሲል ዘንጉ መሃል ግድም መሆኑንም አየን።

ከዚያ በኋላ መንዝ ውስጥ ባለ ፒስታ ነዳሁት። ድንጋዩ አለ፣ ምቱም ይሰማል፤ እጄ ላይ ግን አይደርስም። ስመለስ ዳዶዎቹን እንደገና አየኋቸው፤ የጎማ ቡሽ አዲስ ሲሆን ስለሚቀመጥ ትንሽ ይላላል።

ዱባይ ወይም ሳዑዲ ዘመድ ያላችሁ ከዚያ ማስመጣት ትችላላችሁ። እዚያ መሪው እንደኛው በግራ ነው፤ ላንድክሩዘርም ስለሚወደድ ዕቃው አለ። ግን "የሃርድቶፕ ስቲሪንግ ዳምፐር" ብላችሁ ብቻ አትላኩ። የሰሌዳዋን ፎቶ፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ተዘግቶና ተከፍቶ የሚፈለገውን ርዝመት፣ የሁለቱን ጫፎች ፎቶ አያይዛችሁ ላኩ። ዘመዳችሁም ከመክፈሉ በፊት ሜትር ይዞ ይለካላችሁ፤ ከዚያ አገር ዕቃ መመለስ ቀላል አይደለም።