ያልገባ ጎል

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ደብረ ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ሲደምን ሰውም አብሮ ይደምናል፤ ታውቁታላችሁ። ቤት ከመቀመጥ ብዬ ወደዚያችው ዲኤስቲቪ ቤት ወጣሁ። ጨዋታው ገና አልተጀመረም። አስተናጋጁ ልጅ ሻይ በትሪ ይዞ በወንበሮቹ መሀል ሲሽሎከለክ የአንዱ እግር ጠለፈው። ብርጭቆው ሁሉ ወረደ። ከኋላ አንዱ "አንተ ማጓየር!" አለው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ግን አንዷን ብርጭቆ በክንዱ ከደረቱ ጋር አጣብቆ አትርፏት ነበር። ማንም አላየለትም። ጨርቅ አምጥቶ መወልወል ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታውን አየሁት ማለት ይከብዳል።

ቆይ ግን፣ ማጓየር የሚባለው ተከላካይ ምን አደረገን? በፈረንጆቹ 2019 ማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ከሌስተር በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ለተከላካይ ያን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር። ዋጋውን የተመነው እሱ አይደለም። በተሳሳተ ቁጥር የሚወራው ግን ያ ገንዘብ ነው። በ2023 አምበልነቱን ነጠቁት። ይባስ ብሎ ጋና ፓርላማ ድረስ ስሙ ገባ። አይዛክ አዶንጎ የሚባሉ የምክር ቤት አባል በ2022 የአገራቸውን ምክትል ፕሬዚዳንት የኢኮኖሚ አያያዝ ሲተቹ፣ ምሳሌ ያደረጉት እሱን ነበር። ራሱ ላይ የሚያገባ ተከላካይ ብለው። በዓመቱ ይቅርታ ጠየቁ። ምክትል ፕሬዚዳንቱን እንዳይመስላችሁ፤ ማጓየርን! እሱም ይቅርታውን ተቀብያለሁ አለ። ጨዋ ሰው ነው።

"አሁን አሁንማ ይመሰገናል" ትሉኝ ይሆናል። እስቲ መቼ?

አንደኛው ሊዮን ላይ በ121ኛው ደቂቃ በቴስታ ያገባ ጊዜ ነው። በኛ ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ ጸሎተ ሐሙስ። ጉልባናችንን በልተን፣ ነገ ስግደት አለ ብለን ተኝተናል። የአክስቴ ልጅ (ስሙን ብጠራው እናቱ ታነባለች) ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ በስልኩ ሲያይ ቆይቶ፣ በእኩለ ሌሊት ጮኸ። 5 ለ 4። ቤተሰቡ ሰው የሞተ መስሎት ብድግ አለ። ሌላው ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ነው። በ84ኛው ደቂቃ አገባ፤ ማንቼ ከፈረንጆቹ 2016 ወዲህ እዚያ አሸንፎ አያውቅም ነበር።

አያችሁ ነገሩን? ሁለቱም ጎል ነው። ያመሰገንነው የአጥቂ ሥራ ሲሠራልን ነው። ያን ቀን ከበረኛው ፊት ቆሞ በግንባሩ የመለሰውን ኳስ ማን ያስታውሳል? እኔም አላስታውስም።

ይህን ነገር እኔ ማማ ላይ ሆኜ ነው ያወቅሁት። ልጅ ሆኜ እዚያ ቡሬ በኩል፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። አያ ከብቱን ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ እኔ ወንጭፌንና ጅራፌን ይዤ፣ ቆሎዬን በኪሴ አድርጌ እወጣለሁ። ዝንጀሮ ደግሞ ሞኝ አይደለም። አንዱ በገደሉ በኩል ብቅ ብሎ ይታይሃል። አንተ ወደዚያ እየጮህክ ስትወነጭፍ፣ መንጋው በታች በኩል ይገባል። ስለዚህ የሚታየውን ትተህ የማይታየውን መጠበቅ አለብህ። ማታ ድምፅህ ተዘግቶ ትገባለህ። "ይሄ ልጅ ምን ሲሠራ ዋለ?" ይላል እንግዳ። "ማማ ላይ ተቀምጦ።" ተቀምጦ! አንድ ጥግ የተበላ ዕለት ግን፣ አባባ የተጋጠውን ቆረቆንዳ ሰብስቦ አምጥቶ እፊቴ ይዘረግፈው ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዴ "ጎበዝ!" የተባልኩት በወንጭፍ ቆቅ መትቼ ይዤ የገባሁ ቀን ነው። ወጥ ተሠራ። ጎረቤት ተጠራ። በቆሎው ሙሉውን ጎተራ የገባ ዓመት ግን ሁሉም ያመሰገነው ዝናቡን ነው።

ደግሞ እኔ የማንቼ ደጋፊ እንኳ አይደለሁም። አርሰናል ነኝ። ተከላካዮቹ ሳሊባና ጋብሬል ያሉበት የኛ ቡድን በ2023/24 በሊጉ 29 ጎል ብቻ ነው የተቆጠረበት፤ በቀጣዩ ዓመት 34። ሁለቱንም ዓመት ከሊጉ ትንሽ የገባብን እኛ ነን። ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ሁለቱንም ዓመት የሰማሁት ግን "አጥቂ ግዙ!" የሚል ጩኸት ነው። ጩኸቱ ውስጥ የኔም ድምፅ ነበረበት፤ ደህና አድርጎ።

ለነገሩ ያልገባ ጎል እንዴት ተብሎ ይጨፈርለታል? ተነስቶ "አልገባም!" እያሉ ሰው ማቀፍ ነው?

ነገ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር እንጫወታለን። ያ የሚመድበን ቀጭኑ ልጅ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ይጠቁመኛል፤ "ጋሼ፣ አንተ ተከላካይ ሁን" ይለኛል። እኔም ይህን ሁሉ ጽፌ ስላበቃሁ በኩራት ሄጄ እቆማለሁ ብላችሁ ጠብቁ። አጥቂ ካልሆንኩ አልጫወትም ነው የምለው። በዚህ ሆድ!