«12 ቮልት አለ» ያልኩበት ቀን

በደሴ ከተማ ቧንቧ ውሃ አካባቢ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ስተዳደር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ወደ ጋራዣችን የሚመጣው አብዛኛው ሥራ የአይሱዙ ዲናሞ፣ የዶልፊን ሚኒባስ ሞተሪኖ (ማስነሻ ሞተር)ና የባጃጅ ሽቦ ሲሆን፣ ቤንዚንን ከአየር ጋር በካርቡሬተር የሚቀላቅል ሞተር ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ቮልስ (ቮልስዋገን) ግቢያችን በገባ ቁጥር የአይሱዙውም የባጃጁም ሠራተኛ መፍቻውን ጥሎ ይሰበሰባል፤ የማያውቀው ለማየት፣ የሚያውቀው ደግሞ ለማውራት።

የዛሬው ገጠመኜ ባለቤት ሐጂ ናቸው። እርሳቸው በዕድሜ የገፉ ነጋዴ ሲሆኑ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራችውን ቮልሳቸውን ከልጆቻቸው ባልተናነሰ ይንከባከቧታል። ባለፈው ታኅሣሥ፣ ውርጩ ከጦሳ ተራራ ወደ ከተማው በሚወርድበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጥቁር ጭስ እያስተፉ መጡና ነገሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። መኪናዋ ሌሊቱን ደሴ ስታድር፣ ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ ግን ሚኒሞዋ (መኪናዋ ቆማ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አልወርድ ብሎ ትጮኻለች፣ የቤንዚን ሽታዋ ግቢውን ይሞላዋል፣ ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ካልተነዳች በስተቀር አትስተካከልም። ኮምቦልቻ ልጃቸው ዘንድ ሲያድሩ ግን ያው መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ትላለች። «ልጄ፣ ይህች መኪና ደሴን ጠልታለች መሰለኝ» አሉኝ።

እኔም ይህን እንደሰማሁ መልሱን ያገኘሁት መሰለኝ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲደርስ ለአየሩ የሚመጥነውን ያህል ቤንዚን መቀነስ አያውቅም፤ ድብልቁ ይወፍራል፣ ድብልቁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በእውነተኛ ነገር ተደግፎ የሚሳሳት ሰው ደግሞ ከስሕተቱ ቶሎ አይመለስም። እኔም ካርቡሬተሩን ፈትቼ ዋናውን የቤንዚን ማሳለፊያ ጄት ከ125 ወደ 120 ቁጥር ቀየርኩትና ሐጂን በዱዓ ተመርቄ ሸኘኋቸው።

በአራተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። የጠዋቱ ጭስ እንደነበረው ነው፤ በዚያ ላይ ከኮምቦልቻ ሲመለሱ የሐረጎን ዳገት ሞተሩ እየጋለና አቅም እያጣ ነው የወጡት። ያን ጊዜ ቆም ብዬ አንድ ነገር ማሰብ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የከፍታው ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም እዚሁ ደሴ ውስጥ ጭሱ ባልቀረ ነበር። የሐጂ ቮልስ ግን ከሞቀች በኋላ በደሴም ንጹሕ ናት። ጭሷ የቅዝቃዜ እንጂ የከፍታ አልነበረም። ይህን ሐጂ ገና በመጀመሪያው ቀን በራሳቸው አንደበት ነግረውኛል፤ ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

ጄቱን ወደ ቦታው መልሼ ወደ ቾኩ ዞርኩ። ይህን ዕቃ ያላዩ አንባቢዎች እንዲከተሉኝ አሠራሩን በጥቂቱ ልግለጽ። በቮልስ ሶሌክስ ካርቡሬተር አናት ላይ፣ በአየር መግቢያው አፍ፣ አንድ ስስ ክዳን አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ይህ ክዳን ተዘግቶ አየሩን ስለሚቀንስ፣ ለማስነሣት የሚያስፈልገው ወፍራም ድብልቅ ይገኛል። ክዳኑን የሚዘጋውና የሚከፍተው ከካርቡሬተሩ ጎን ባለ ክብ ዕቃ ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ ሲሆን፣ ሞላው በሙቀት እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ፣ ሲሞቅ ይተረተራል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠቀለላል። ማሞቂያው ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት ለካንዴላዎቹ የብልጭታ ኃይል ከሚሰጠው ቦቢና ፖዘቲቭ ራስ በአንዲት አጭር ሽቦ ኃይል ይመጣለታል፣ ሞላው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይሞቅና ክዳኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚሁ ጋር የተያያዘ ደረጃ ያለው ትንሽ ምላስ ስላለ፣ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ሚኒሞውም ከፍ ብሎ ይቆያል። በነገራችን ላይ ቮልስ ያላቸው ብዙ ሰዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ቀዝቃዛውን ሞተር ከማስነሣታቸው በፊት የቤንዚኑን ፔዳል አንድ ጊዜ እስከ ታች መርገጥ እንዳለባቸው ነው፤ ይህ ካልተደረገ ምላሱ ክዳኑን አይለቀውም። ሐጂ ግን ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል።

የአየር ማጣሪያውን አንሥቼ ሞተሩን በጠዋት ቅዝቃዜ አስነሣሁና ሰዓት ይዤ ክዳኑን ተመለከትኩ። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ክዳኑ ከግማሽ አልዘለለም። በመጨረሻም የከፈተው ኤሌክትሪኩ ሳይሆን የሞተሩ የራሱ ሙቀት መሆኑ ግልጽ ነበር። የኮምቦልቻውም ምሥጢር በዚሁ ተፈታ፤ እዚያ አየሩ ራሱ ሞቅ ያለ ስለሆነ ሞላው የሚጠብቀው ጥቂት ሙቀት ብቻ ነው።

ሽቦውን ከቾኩ ላይ ነቅዬ ቁልፉን ከፈትኩና ቴስተሬን በሽቦው ጫፍና በማሳው (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተያያዘው የመኪናው አካል) መካከል አስገባሁ። 12.4 ቮልት አነበብኩ። የባትሪው ቮልት ራሱ ነው። ረዳቴን ጠርቼም «ተመልከት፣ ኃይል አለ፤ ስለዚህ የሞተው ዕቃው ነው» ብዬ እንደ መምህር አስተማርኩት። ሐጂ ደግሞ አዲስ ዕቃ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ በሚያውቁት ሰው በኩል አስፈልገው፣ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተጭኖ መጣላቸው። ገጠምኩት፤ በክቡ ጠርዝ ላይ ያለውን ምልክት ካርቡሬተሩ ላይ ካሉት ሦስት ጭረቶች ከመካከለኛው ጋር አስተካከልኩት። በማግሥቱ ጠዋት መኪናዋ ያንኑ ጭስ ጨሰች።

እዚህ ላይ አእምሮዬ ወደ 6 ቮልት ነገር ሄደ። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለነበሩ የቾክ ማሞቂያውም በሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ሁለቱን በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው። የ6 ቮልቱ በ12 ቮልት መኪና ላይ ከተገጠመ ቶሎ ግሎ ክዳኑን ያለ ጊዜው ይከፍትና ሞተሩ በብርድ ይጠፋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የ12 ቮልቱ በ6 ቮልት መኪና ላይ ቢገጠም ደግሞ ሙቀቱ ስለማይበቃው ክዳኑን ሳይከፍት ይቆያል፤ ይህ ሁለተኛው ጠባይ የሐጂን መኪና ጠባይ ቁርጥ ነው። ዕቃውን አውርጄ ባየው 12 ይላል። ባትሪው 12 ነው። ቴስተሩም 12.4 ብሏል። መኪናዋ ግን የቮልቱን ግማሽ እንኳን እንደማታገኝ ትሆናለች። ምልክቱ እውነቱን እየነገረኝ እኔ ቁጥሩን አምኜ ተቀመጥኩ።

መፍትሔውን ያመጣው ረዳቴ ነው፤ ያውም ለመርዳት ሳይሆን ለመጫወት። ቴስተሩን እኔ ይዤው ስለነበር፣ ከአሮጌ ዶልፊን የፈታውን ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ሁለት ሽቦ አስሮበት፣ አንዱን ማሳ ላይ፣ ሌላውን በቾኩ ሽቦ ጫፍ ላይ ነካ አደረገው። አምፖሉ አልበራም ማለት አይቻልም፤ ሊጠፋ እንደተቃረበ የከሰል ፍም ቀላ ብሎ ቀረ። «ጋሼ፣ ኃይል አለ ብለኸኝ አልነበር? ይኸ ምን ዓይነት ኃይል ነው?» አለኝ። አምፖሉን ከእጁ ወስጄ በቦቢናው ራስ ላይ አስነካሁት፤ ዓይን የሚወጋ ብርሃን ሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ግማሽ ሜትር የማይሞላ ሽቦ ነበር።

ሰፈራችን ስሙ ቧንቧ ውሃ ነውና ምሳሌውን ከዚያው ልዋስ። ሊደፈን ጥቂት የቀረው ቧንቧ፣ መክፈቻው ተዘግቶ ግፊቱ ሲለካ ሙሉ ግፊት ያሳያል፤ ውሃው ስለማይሄድ ጠባቡ ቦታ የሚያግደው ነገር የለምና። መክፈቻው ሲከፈት ነው ጠብ ጠብ ማለቱ የሚታየው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ሽቦውን ነቅዬ፣ ማለትም መክፈቻውን ዘግቼ ለካሁ። ቴስተር ለራሱ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከምንም አይቆጠርም። ሽቦውን በቾኩ ላይ መልሼ፣ ማሞቂያው እየጎተተ ሳለ እዚያው ራሱ ላይ ስለካ 4.6 ቮልት አነበብኩ። ማሞቂያው በለካሁት መሠረት 9 ኦም ገደማ ስለነበር፣ በደህናው ጊዜ 17 ዋት ገደማ ሙቀት የሚሰጠው ዕቃ አሁን የሚሰጠው ሁለት ዋት ተኩል እንኳን አይሞላም ነበር፤ ሙቀት በቮልቱ ብቻ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ የቮልቱ ወደ አንድ ሦስተኛ መውረድ ሙቀቱን ከሰባት እጅ ወደ አንድ እጅ አወረደው። (ይህን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍቶ ብዙ እንዳይቆይ፤ ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚዘጋውና የሚከፍተው ዕቃ) በተዘጋበት ከቆመ ቦቢናው ይግላል።)

ሽቦውን ከአየር ማራገቢያው ቆርቆሮ ሥር ስቤ አወጣሁት። በመካከሉ በአቧራና በዘይት የተለበጠ ናስትሮ (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር) ነበረበት። ናስትሮውን ስገልጠው፣ ሳይበየድ በእጅ ብቻ ተጠማዝዞ የተያያዘ ሽቦ አገኘሁ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ክሮቹ አልቀዋል፣ ሁለት ወይም ሦስት ክር ብቻ ነው አካሉን አገናኝቶ ያቆየው። የተቀጠለው ቁራጭ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለበት ቀጭን ሽቦ ነው።

ያን ሽቦ አውቀዋለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ ሚኒባስ የቴፕ ሥራ የተረፈኝ ሽቦ ነው፤ የሐጂን መኪና የቾክ ሽቦ ጫፉ ተሰብሮ አጥሮ ሲመጣ የቀጠልኩት እኔው ነኝ። በዚያ ቀን ሰፈሩ መብራት ስለጠፋበት ካውያው (የሽቦ መበየጃው) አልሠራም ነበር፤ ለጊዜው ጠምዝዤ በናስትሮ ሸፍኜው ነገ እበይደዋለሁ ብዬ ነበር። ሐጂም በማግሥቱ አልመጡም፤ መኪናዋ ደህና ስለነበረች ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ?

ረዳቴ የሽቦውን ቀለም አይቶ ምንም አላለም፤ ያን ጊዜ ገና አልተቀጠረም ነበርና የማን ሥራ እንደሆነ አያውቅም። «ይኼን የሠራው ሰው እኮ...» ብሎ ሊጀምር ሲል «እኔ ነኝ» አልኩት። አፉን ይዞ ሳቁን ሲታገል አየሁት፤ ሳቅ ብዬ ፈቀድኩለት።

ከቦቢናው እስከ ቾኩ አንድ ወጥ ወፍራም ሽቦ ዘርግቼ፣ ጫፎቹን በትክክለኛ ኮንታክት አሥሬና በይጄ፣ በሥራ ላይ እያለ ስለካ 12.2 ቮልት አገኘሁ። ቀጥሎም ያወረድኩትን የድሮውን ማሞቂያ መልሼ ገጠምኩት፤ ምክንያቱም እርሱ ከመጀመሪያውም ምንም አልሆነም ነበር። በማግሥቱ ጠዋት፣ መስታወቱ ላይ ውርጭ ረግቶ ሳለ አስነሣኋት፤ ክዳኑ በአራት ደቂቃ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፔዳሉን ነካ ሳደርገውም ሚኒሞው ወረደ።

የቀረው ከባዱ ሥራ ለሐጂ መናገር ነበር። ለመጀመሪያው የጄት ሥራ የከፈሉኝን መልሼ፣ ለአዲሱ ማሞቂያ ያወጡትንም ጨምሬ በእጄ ይዤ፣ ነገሩን ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው የመብራት መጥፋት ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሐጂ በትዕግሥት ሰሙኝ፣ ሽቦውንም ተቀብለው በመነጽራቸው ሥር አገላብጠው አዩት።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ደሴን እያማሁ ነበር ማለት ነው።» የማሞቂያውን ገንዘብ ተቀበሉ፣ የሥራውን ግን አልቀበልም አሉ፤ አዲሱን ማሞቂያ እንደ መለዋወጫ ኮፈን ሥር አስቀምጠው ወደ ሐይቅ ከተማ ሄዱ። ቁራጩን ሰማያዊ ሽቦ እኔ አስቀረሁት፤ አሁን ከካውያው በላይ ግድግዳው ላይ በምስማር ተሰቅሏል፣ ረዳቴም መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ እርሱ በአገጩ ያመለክተኛል።