ከሞግዚታችን ጋር ወደ ኒው ዮርክ፦ ጂ-4 እና ጂ-5

ወደ ኒው ዮርክ የሄድኩት ለሥራ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መድቦኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሠራተኛና ለቤተሰቡ አሜሪካ የምትሰጠው ቪዛ ጂ-4 ይባላል። ለድርጅቱ ስብሰባ መጥተው የሚመለሱ የመንግሥት ተወካዮች ጂ-2 ያገኛሉ። ወደ አሜሪካ መንግሥት የሚላክ አምባሳደር ደግሞ ኤ-1።

ብዙ ሰው የዲፕሎማት ፓስፖርት ካለ በሩ ሁሉ ክፍት ይመስለዋል። አይደለም። ከአገር መሪዎች በቀር፣ ለሽርሽር የሚሄድ ዲፕሎማት እንደማንኛውም ሰው የጎብኚ ቪዛ ነው የሚጠይቀው። ዋናው የምትሄድበት ጉዳይ ነው።

የኔ ነገር ቶሎ አለቀ። ዲኤስ-160 የተባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሞላሁ፣ የመሥሪያ ቤቴን ደብዳቤና ሰማያዊውን ሌሴ ፓሴዬን፣ ማለትም ድርጅቱ የሚሰጠንን የጉዞ ሰነድ፣ አያያዝኩ። ክፍያ የለም፤ ለቃለ መጠይቅም አልተጠራሁም። ይህ ውለታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1947 አሜሪካና ድርጅቱ የተፈራረሙት የዋና መሥሪያ ቤት ስምምነት ቪዛው በነጻና በተቻለ ፍጥነት ይሰጥ ይላል። ሁልጊዜ ግን አልተከበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 የፍልስጤማውያኑ መሪ ያሲር አራፋት ቪዛ ሲከለከሉ፣ ጠቅላላ ጉባኤው እሳቸውን ለመስማት ጄኔቫ ሄዶ ተሰብስቧል።

እኔን ያስጨነቀኝ የልጆቼ ሞግዚት ጉዳይ ነበር። የሷ ቪዛ፣ እንደኔ ላሉት ተቀጥሮ ለሚሠራ የቤት ሠራተኛ የሚሰጠው ጂ-5 ነው፤ ቃለ መጠይቅም አይቀርላትም። ውሏን በእንግሊዝኛና በአማርኛ አዘጋጀን። ደሞዟ፣ የሥራ ሰዓቷ፣ የዕረፍት ቀኗ፣ ፓስፖርቷ በራሷ እጅ እንደሚቆይ ሁሉ ተጽፏል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስመር በመስመር አነበብነው።

«እትዬ፣ ልጆቹ ታመው ሌሊት ብነሣ እሱም ይቆጠራል?» አለችኝ።

«ይቆጠራል እንጂ! በደንብ እናስገባው» አልኳት። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ ውሉ ላይ አልነበረም፣ ጨመርነው።

ቆንስላው ውስጥ ስሟ ሲጠራ ብቻዋን ገባች። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሰዎች ዝውውርን የሚከላከል ሕግ አሠሪው በሌለበት ትጠየቅ ይላል። ስትወጣ መብቷን የምትዘረዝር ቡክሌት ይዛለች፤ ችግር ቢገጥማት የምትደውልበት ስልክም አለበት። እኔ ይህን ሕግ ከልቤ እደግፋለሁ። አንዳንዱ አሠሪ ያለመከሰስ መብት አለው። ሠራተኛውን ቢበድል ፍርድ ቤት ማቆም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ገና ሳይነሱ መጠየቁ፣ ያውም ለብቻ፣ ተገቢ ነው።

በረራው ረጅም ነበር፤ ልጆቹ ግን አብዛኛውን ተኙ። ኬኔዲ አየር ማረፊያ ስንደርስ እያንዳንዳችን ፓስፖርታችንን በየእጃችን ይዘን ተሰለፍን። እኔና ልጆቹ ሥራዬ እስካለ ድረስ እንድንቆይ ተመዘገብን። ለሷ ግን ቀን ተቆረጠላት። ለጂ-5 መጀመሪያ የሚሰጠው ጊዜ ከ3 ዓመት አይበልጥም፤ ከዚያ ማራዘሚያ ይጠየቃል።

ቤት እንደያዝን በራሷ ስም የባንክ ሂሳብ ከፈተች። በደንቡ፣ ከ90 ቀን ሥራ በኋላ ደሞዝ በእጅ መስጠት አይቻልም፤ በቼክ ወይም በባንክ ነው። አሠሪውም ሂሳቡ ውስጥ እጁን ማስገባት የለበትም። እኛ 90 ቀኑን አልጠበቅንም፤ የመጀመሪያው ወር ደሞዟም በባንክ ገባላት።